የፍልፈል ገዳዩ ሚስት

ካናዳም ፍልፈል አለ። የለም የሚል ሰው ካለ ቶሮንቶ፣ ዌስተን ሰፈር ይምጣና የእኔን ጎመን ይይ።

ከቢልዲንጋችን ጀርባ፣ ባቡሩ ሽው ብሎ በሚያልፍበት አጥር ሥር፣ ለእኛ ለአሮጊቶቹ ተብላ የተሰጠች መሬት አለች። መሬት ስላችሁ አልጋ የምታክል ናት። ጎመን ተከልኩባት። አንድ ጠዋት ብወርድ ጎመኑ ከነአንገቱ የለም፤ አጠገቡ የሰው ጭንቅላት የሚያስገባ ጉድጓድ ተከፍቷል። ጎረቤቴ መሠረት ወገቧን ይዛ አየችውና «የሁለተኛ ፎቁ ሰውዬ ነው» አለች። «ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ አብስሎ መብላት ጀምሯል።»

«ሰውዬው ጉድጓድ ይቆፍራል እንዴ?» አልኳት።

«ኤግሊንተን መንገድ ላይ ለባቡር ብለው ያን ሁሉ ዓመት ሲቆፍሩ ማን ጠየቃቸው?»

ከመሠረት ጋር ክርክር አይገባም። ኋላ የጉድጓዱ ባለቤት ራሱ ብቅ አለ። ቡናማ፣ ወፍራም፣ በኋላ እግሩ ቆሞ እንደ ዘበኛ ግራ ቀኝ የሚያይ። ልጅ ልጄ ቤቴል በስልኳ እያነሳችው «እማማ፣ ግራውንድሆግ ነው፤ ሶ ኪዩት!» አለች።

«እናንተ የፈለጋችሁትን በሉት፤ ይሄ የፍልፈል ዘመድ ነው» አልኳት። «አባቴ ቢኖር በአንድ ጥይት ግንባሩን ነበር የሚለው።»

እንዲህ ማለት እስከ ዛሬ አልተውኩም። ተይ ብለውኛል፤ አልተውኩም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ያደግኩት ባሌ ነው፣ ከጎባ በላይ፣ ደጋው ላይ። ሜዳው ዓይን እስኪደክም የእሜቴ ጸሐይወርቅ ነበር። እሜቴ ራሳቸው አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት፤ ከብቶቻቸው ግን እዚያ ነበሩ፣ እንደ ጉም ሜዳውን ሸፍነውት። ሣሩ ጥሩ፣ ውኃው ጥሩ፤ ጠላታቸው ፍልፈል ብቻ ነው። የባሌ ፍልፈል ደግሞ እንደ ሌላው አገር ፍልፈል መሬት ውስጥ ተደብቆ አይቀርም። ፀሐይ ሞቅ ሲል ራሱን ከጉድጓዱ ያወጣል፣ በዙሪያው ያለውን ሣር ያጭዳል፣ ይጎትታል፣ ይገባል። ዓይኑ አናቱ ላይ ነው ያለው። ሜዳውን ወንፊት አደረገው። ላሟ ስትሮጥ እግሯ ይገባና ቀጭ! ይላል። እግሯ የተሰበረ ላም ደግሞ ትታረዳለች እንጂ አትጠገንም።

ስለዚህ እሜቴ ፍልፈል የሚገድል ሰው ቀጠሩ። አባቴን ሀብተማርያምን። ፈረንጅ የከብት ሐኪም ትቶ የሄደውን ጠመንጃ ሰጡት። ቀጭን ናት፤ ጥይቷ ከሽንብራ ብዙም አትበልጥም፤ አንድ አንድ ነው የምትጎርሰው። የትልቅ ሰው ጠመንጃ ድው! ይላል፤ ይቺ ጧ! ነው የምትለው፣ ደረቅ ጭራሮ እንደ መስበር። ሰው ይስቅባት ነበር። ለፍልፈል ግን ከበቂ በላይ ናት።

ከጠመንጃዋ ጋር ቤት ተሰጠን። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ከዚያ በፊት የአጎቴ ጓሮ፣ ከፍየሎቹ ጋር ነበርን፤ የፍየል ሽንት የሸተተው ብርድ ልብስ ምን እንደሚመስል ያልተኛበት አያውቀውም። ያቺ ቤት ለእኛ ቤተ መንግሥት ነበረች። ታዲያ ቤቱ የፍልፈል ገዳዩ ነው፤ ገዳይነቱ ከቀረ ቤቱም ይቀራል። የእርባታው ሹም አቶ ጥጋቡ ደግሞ ያቺን ቤት ለሚስቱ ወንድም ይመኛት ነበር። በደጃችን ሲያልፍ ቆርቆሮውን ቀና ብሎ ሳያይ አያልፍም።

«ፋናዬ፣ ጣሪያው አያፈስም?» ይላታል እናቴን።

«ምን ያፈሳል አቶ ጥጋቡ፤ እርስዎ እያዩ ያደርቁት የለ።»

አባቴ ከሰው ሁሉ አብልጦ ይወደኝ ነበር። እጄን ሳይዝ ከቤት አይወጣም። ሌሎች አባቶች ወንድ ልጃቸውን እንኳ እጁን አይዙም፤ እኔን ሴቷን ግን ሀብተማርያም በመንደሩ መሀል እጄን ይዞ ይሄዳል። የመንደሩ ልጆች በቅናት ይነዱ ነበር። ደግሞ ጨዋታ ይወዳል። ሩቅ ሰው ሲመጣ «ውቤ፣ እስቲ ማነው?» ይለኛል።

«አቶ ጥጋቡ።»

«ፊቱ ምን ይመስላል?»

«ሎሚ የመጠጠ።»

ይስቃል። ሰውየው ሲደርስ «እንደምን አደሩ አቶ ጥጋቡ፣ ምነው ዛሬ ፊትዎን አኮሰተሩት?» ይለዋል። እኔ በሳቅ ልፈነዳ እደርሳለሁ። የእኔና የእሱ ምስጢር ነበር፣ እንዲህ ነበር የማስበው።

እናቴን ግን አልወዳትም ነበር። እንዲህ ስል ቤቴል «ኦ ማይ ጋድ እማማ!» ትላለች። ምን ታደርገዋለች፤ አልወዳትም ነበር። ቀናተኛ ነበረቻ! አባቴ ጠመንጃውን አንግቶ እኔን ይዞ ሲወጣ ቅርጫቷን በጀርባዋ አዝላ ኩበት ልልቀም ብላ ከኋላ ትከተላለች። በየቀኑ። የሌላው ሰው ሚስት ኩበቷን ከደጇ ነው የምትለቅመው፤ የእኔ እናት ኩበት የምታገኘው አባቴ ካለበት ብቻ ነው። ምንጭ ላይ የሚወሩትን ሁሉ እሰማ ነበር፤ ጆሮዬ ያን ጊዜም የዋዛ አልነበረም።

«ፋናዬ ባሏን ለፍልፈል እንኳ አታምነውም» ይላሉ ሴቶቹ። «ከጉድጓዱ ቆንጆ ትወጣለች ብላ ነው።»

እናቴ እንስራዋን እየሞላች ቀና እንኳ ሳትል «ያንቺን ባል ፍልፈልም ቢያገኘው አይወስደው» ትላለች። አዎን ወይም አይደለም አትልም። ቀናተኛ ሲሏት ቀናተኛ ሆና ትመለሳለች።

ሜዳው ላይ ስንደርስ እኔ ትልቁ ቋጥኝ ላይ እወጣለሁ። ሥራዬ ሰው ስመለከት መዝፈን ነው። «አባትሽ ሲያነጣጥር ሰው ድንገት ከደረሰበት ይደነግጣል» ብላኛለች እናቴ። ከላይ ሆኜ አያቸዋለሁ። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ፣ ፀሐይ ሲነካው ይጨሳል። አባቴ በሆዱ ይተኛል። እናቴ አጠገቡ ትተኛለች! ነጠላዋን በሁለቱም ላይ ትጥልና ልጥፍ ትላለች። ሴት ባሏ ሥራ ላይ እያለ ትተኛለች? በንዴት ጥርሴን እነክሳለሁ። ከዚያ ጧ! ይላል፤ ከማዶ ፍልፈሉ ድፍት። አባቴ አይስትም ነበር። የገደለውን በበረቱ ደጃፍ ይደረድረዋል፤ እረኞቹ ሁሉ እየመጡ ያደንቁታል፤ እኔ እጁን ይዤ እኮራለሁ፤ እናቴ ከኋላ ኩበቷን ታራግፋለች።

አምና የዓይን ሐኪም ጋ አፖይንትመንት ነበረኝ። ቤቴል ከሥራዋ ኦፍ ወስዳ ይዛኝ ሄደች። ሐኪሟ ዓይኔ ውስጥ መብራቷን እየጨመረች አንድ ነገር ጠየቀች።

«እማማ፣ ከፋሚሊ ዓይኑ የጠፋ ሰው አለ ወይ ትላለች።»

«የለም በያት። አባቴ እንኳን ሊጠፋ፣ ከዚህ እስከዚያ ማዶ ሆኖ የፍልፈል ግንባር…»

«እማማ፣ ዬስ ኦር ኖ ነው የጠየቀችሽ።»

«ኖ በያታ!»

ስንመለስ ባስ ውስጥ ሆኜ ታላቅ እህቴ ኮል አደረገች። እትዬ ተሻለች እዚሁ ከተማ ዳንፎርዝ ነው የምትኖረው፤ ባሌ በነበርንበት ጊዜ እሷ ጎባ ተድራ ሄዳ ነበር። ሐኪሟ የጠየቀችኝንና የመለስኩትን ነገርኳት። ዝም አለች። እትዬ ዝም ካለች ወይ ስልኩ ሞቷል ወይ ሰው ሞቷል።

«ውቤ» አለችኝ። «አባባ እኮ አያይም ነበር።»

«ሲያረጅማ ማን ያያል!»

«አይደለም። ባሌ እያላችሁ። ዓይኑ ጥርት ያለ ስለነበር ሰው አላወቀም እንጂ ጭስና ጥላ ብቻ ነበር የቀረው።»

«ፍልፈሉን ማን ይገድለው ነበር ታዲያ?»

«እማዬ ናታ! ነጠላው ውስጥ ማን የነበረ መሰለሽ?»

ባሱ ውስጥ ጮኽኩባት። ቤቴል ክንዴን ያዘችኝ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ይየኝ። «ለምንድነው ታዲያ ያልነገራችሁኝ?»

«ለአንቺ? አንቺ ጋ ምን ያድራል ውቤ? ለአንቺ መንገር ለገበያ መንገር ነው።»

እሱስ እውነቷን ነው። ሆኖም ጠየቅኳት። «እጄን ይዞ የሚሄደውስ?»

«መሪው ነበርሽ፣ የእኔ እህት።»

ባሱ ኬል ስትሪት ሲደርስ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት። ከዚያ እንዲህ አልኳት፦ መሪው ብሆንስ? እጅ ይዞ መሄድና መውደድ ተጣልተዋል ያለው ማነው? እትዬ መልስ ከሌላት «ስልኬ ባትሪው አለቀ» ትላለች። አለች።

ለምን እንደደበቁት ግን አሁን ሲገባኝ ይገርመኛል። የዓይኑ ነገር ብቻ አልነበረም። አገራችን ሴት ደም አታፈስም። ዶሮ እንኳ አታርድም። ስንት ጊዜ ዶሮዋን በክንፏ ይዤ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ፣ ወንድ እስኪያልፍ! ቢላውን በአንድ እጄ፣ ዶሮዋን በሌላው። ሱሪ የታጠቀ ሁሉ ይሆናል፤ ገና ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ እንኳ «እረድልን» ይባላል፤ ሴቷ ግን አያት ብትሆንም አትነካውም። ሴት ያረደችው አይበላም። ሴት ደም ያፈሰሰችበት ሜዳ ላይ ከብት ይመክናል ይባላል። እዚህ ቶሮንቶ ግን ዶሮው ታርዶ፣ ታጥቦ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይመጣል። ፋብሪካ ውስጥ ማን እንዳረደው ማን ያውቃል? ሴት ትሆናለች፤ ጥፍሯን ቀለም የተቀባች። ስንቱን ፋሲካ በላነው እኮ፤ ማንም አልመከነም። የመሠረት ልጅ መንታ ወለደች።

እሺ። አሁን ያን ቀን ልንገራችሁ። እትዬ አልነበረችም፤ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ እኔ እንዳየሁት ነው የምነግራችሁ።

ክረምቱ እንደወጣ እሜቴ ጸሐይወርቅ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይዘው መጡ። ድንኳን ተተከለ። ሽቶ የሚሸቱ ሴቶች መጡ፤ አንዷ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ነበር፣ እንደ አደይ። ሰንጋ ወደቀ። መንደሩ ሁሉ ጉድ ጉድ ይላል። እንግዶቹ ጠግበው ሲቀመጡ አቶ ጥጋቡ እጁን አጣምሮ ቀረበና «እሜቴ፣ የማይስተውን ፍልፈል ገዳይ አላሳየናቸውም» አለ።

«እስቲ ይምጣ» አሉ እሜቴ።

እናቴ ይህን ስትሰማ ቅርጫቷን ልታነሳ ተንቀሳቀሰች። አቶ ጥጋቡ መንገዷ ላይ ቆመ። «ዛሬ ኩበት የለም ፋናዬ። ሴት ወጥ ቤት ነው የምትውለው። ባልሽን የሚነጥቅሽ የለም።» ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ዛሬ እንኳን ያለ እሷ ብቻችንን ልንሆን ነው አልኩ፣ በልቤ።

አባቴን እጁን ይዤ ከድንኳኑ ፊት ወዳለው ሜዳ ወሰድኩት። እጁ በላብ ተጠምቋል። ሰው ሁሉ ስለሚያየው ነው አልኩ። በሆዱ ተኛ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ውቤ፣ የት ነው ያለው?»

«ያውና!» ብዬ ጠቆምኩ።

«በጣትሽ አይደለም። በቃል ንገሪኝ።»

የተለመደው ጨዋታችን መሰለኝ። «ከጥቁሩ ድንጋይ በስተግራ፣ ነጭ አበባው ሥር» አልኩት።

«ድንጋዩ የት ነው?»

«ኧረ አባባ!»

ተኮሰ። ጧ! አፈር ተበተነ፤ ከድንጋዩም ከአበባውም ሩቅ። ከድንኳኑ ሳቅ ተሰማ። ፀሐይ ዓይኑ ገብታ ነው አልኩ። ሌላ ጥይት አጎረሰና ጭንቅላቱን ሳቁ ወደመጣበት ዘወር አደረገው፤ አፈሙዙም አብሮ ዞረ። «አባባ፣ ወደ ድንኳኑ እኮ ነው!» ብዬ እጅጌውን ሳብኩት። ጧ! አለ፤ ጥይቱ ከድንኳኑ በላይ ሄደ። እንግዶቹ ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ብርጭቆ ተሰበረ። ቢጫ ቀሚሷ ኡኡ አለች። አቶ ጥጋቡ ግን አልተጎነበሰም። ቆሞ ያይ ነበር፤ አባቴን ሳይሆን ቆርቆሯችንን፣ ፀሐይ ላይ የሚያብለጨልጨውን።

ያን ጊዜ ነው እናቴ ከወጥ ቤት የወጣችው።

ማማሰያውን ይዛ፣ ወጡ እየተንጠባጠበ፣ ነጠላዋ ወድቆ።

«አንተ ሀብተማርያም!» አለች። «አንተ!»

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እናቴ አባቴን ከአንቱ ወደ አንተ አውርዳው አታውቅም፣ በጓዳ እንኳ።

«ዓይንህ የት ሄዶ ነው የምትስተው? እ? ቢጫ ቀሚሷ ላይ ነው አይደል? እኔ እዚያ በጭስ ስጠበስ አንተ እዚህ ቆንጆ ትመርጣለህ? ለእሷ ተኩስ ልታሳያት ነው? ቆይ፣ እኔ አሳያታለሁ!»

ማማሰያውን ወርውራ ጠመንጃዋን ከእጁ ነጠቀች። ከመቀነቷ አንድ ነገር ፈታች፣ አጎረሰች፣ በሆዷ ተደፋች። ያ ሁሉ ጩኸት ሲወጣ ያልነበረ ፍልፈል በዚያች ቅጽበት አናቱን ብቅ አደረገ። ጧ! ድፍት።

እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። ቢጫ ቀሚሷ እንባዋን እየጠረገች ታጨበጭባለች። «ወይ ቅናት!» ይላል አንዱ፤ «የእኔም ሚስት እንዲህ ብትቀና!» እኔ ፊቴን በእጄ ሸፍኛለሁ። አባቴን በአገር ፊት አዋረደችው፤ ፍልፈሉን ደግሞ እድል ነው የመታላት። እንደዚያ ነው ያየሁት።

እሜቴ ጸሐይወርቅ አልሳቁም።

«ነይ ወዲህ» አሉ።

ቀረበች። እጇ መቀነቷ ላይ ነበር።

«ጥይቱን ከየት አወጣሽው?»

እናቴ መቀነቷን ጠበቅ አደረገች።

«እኔ በመቀነቴ ቁልፍ ነው የምቋጥረው» አሉ እሜቴ። «ሌላዋ ሳንቲም ትቋጥራለች፣ ሌላዋ የሆድ ቁርጠት መድኃኒት። አንቺ ጥይት። ቀናተኛ ሴት ጥይት ቋጥራ ነው እንዴ ወጥ የምታማስለው?»

ጉድ! አልኩ። ለካ ሰው ልትገድል ነበር! ቢጫ ቀሚሷን ልትገድላት!

እናቴ መሬት መሬት ማየት ነበረባት፤ እንኳን የእሜቴን፣ የሹሙን ዓይን የሚያይ አልነበረም። ቀና አለች።

«የእኔ ነው እሜቴ። ጥይቱም የእኔ፣ ፍልፈሉም የእኔ ነው። ባሌ ዓይኑ ከጠፋ ሁለት ክረምት ሆነው። በበረቱ ደጃፍ ሲደረደር የከረመው ሁሉ የእኔ ነው።»

ይሄን ስሰማ ደሜ ፈላ። ሰውየውን መቀማቱ ሳያንሳት ስሙንም ቀማችው! በዝናውም ቀናች! አባቴን አየሁት፤ አሁን ውሸቷን ነው ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ተነሳ፣ ልብሱን አራገፈ፣ ወደ ድንኳኑ ምሰሶ ዞሮ «እውነቷን ነው» አለ። ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው አልኩ። ሊያድናት ይዋሻል፤ አፍሮባትም ፊቷን ማየት አቅቶት ምሰሶ ያናግራል።

«ሰማችሁ!» አለ አቶ ጥጋቡ። ድምፁ በደስታ ቀጥኖ ነበር። «ሴት ደም ስታፈስበት የከረመ መስክ! ከብቱ ይመክናል እሜቴ። ዛሬውኑ ቤቱን ይልቀቁ።»

«ሁለት ክረምት ሙሉ አፈሰስኩ» አለች እናቴ ወደሱ ዞራ። «እስቲ የመከነችውን ላም ጎትተህ አምጣት! አንዷን! ስሟን ጥራልኝ!»

እሱንም አንተ አለችው። ከበረቱ በኩል የጥጃ ጩኸት ብቻ ነበር የሚሰማው፤ የአንድ ጥጃ አልነበረም።

«ጥጋቡ» አሉ እሜቴ። «ዘንድሮ የስንት ላም እግር ተሰበረ?»

«አ… አልተሰበረም እሜቴ።»

«አምናስ?»

«አምናም…»

«እኔ ቤቱን የሰጠሁት ለላሞቼ እግር ነው እንጂ ለሰው ዓይን አይደለም። ካልተሰበረ ለማን ልትሰጥብኝ ነው?» ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው እጃቸውን አወናጨፉ። «አንቺም ሂጂ፣ ወጡን አማስይ፤ አርሯል፤ እዚህ ድረስ ይሸታል።»

እናቴ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ጎንበስ እንዳለች «ወጡን ሌላ ሰው ያማስለው እሜቴ» አለች። «ፀሐዩ ሞቋል፤ አሁን ነው የሚወጡት።» ጠመንጃዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በድንኳኑ ፊት ለፊት፣ በሁሉም መሀል፣ ወደ ሜዳው ሄደች። አቶ ጥጋቡ ከመንገዷ ዞር አለላት። እሜቴ የዚያን ጊዜ ሳቁ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴን እጁን ይዤው፣ እሷን አላናግራትም ብዬ ነበር፤ ግን እኔ ዝም ማለት መች እችላለሁ።

«ለምንድነው የአባባን ሥራ የእኔ ነው ያልሽው?» አልኳት።

አባቴ ቆመ። «ውቤ፣ ስሚኝ፣ እናትሽ…»

«ይተዋት» አለችው። ወደ አንቱታዋ ተመልሳ ነበር። «ይተዋት። አባቷን እንዳየችው ትየው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ሳቅ ያነቃት ይመስል ነበር። «ቀንቼ ነዋ!» አለችኝ።

አመንኳት። እስከ አምና፣ እስከዚያች ባስ ድረስ አመንኳት። ይቅርታ ጠይቂያት የምትል አለች፣ መሠረት፤ መቃብሯ ላይ ሄደሽ አልቅሺ ትለኛለች። አላለቅስም። እሷው ናት እንዲህ እዪው ያለችኝ፤ እኔም እንዳለችኝ አየሁ። የእናቱን ትእዛዝ እንዲህ የፈጸመ ልጅ ካለ ያሳዩኝ።

በማግስቱ እናቴ ብቻዋን ወጣች። በምንጩ በኩል አልፋ እንደሄደች አውቃለሁ፤ ሌላ አጭር መንገድ እያለ። ሴቶቹ እንስራቸው እስኪፈስ ነው ያዩዋት አሉ፤ አንዲት ቃል የተነፈሰ የለም። አባቴና እኔ ቤት ቀረን። በሩ ተዘግቷል፣ ብርድ ነው፤ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠን ባቄላ እንፈለፍላለን። ከሩቅ ጧ! አለ።

አባቴ እጁን አቆመ። ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገ።

«አገኘችው» አለ።

ትንሽ ቆይቶ ሌላ ጧ!

«ይሄኛውን ሳተችው። ወደ ቀኝ ነው የሄደባት።»

ግድግዳውን አየሁት። ጭቃ ነው፤ ቀዳዳ የለውም። መስኮትም በዚያ በኩል የለም። እናቴ ስትመለስ በሩ ላይ ጠብቄ «አንዱን በቀኝ ስተሽዋል አይደል?» አልኳት። ደነገጠች። «ማን ነገረሽ?» አለች።

ነጠላዬን አንስቼ በረርኩ። ለእረኞቹ ልጆች ነገርኩ፣ ምንጭ ላይ ነገርኩ፣ ለአቶ ጥጋቡ ሚስት ሳይቀር ነገርኩ፦ የእኔ አባት በጭቃ ግድግዳ አሳልፎ ያያል! እትዬ የፈለገችውን ትበል፣ ሐኪሟም የፈለገችውን ትጻፍ። የእናንተ አባት ከግድግዳ ወዲያ ያለውን አይቶ ያውቃል? አያውቅም። እንግዲያው ዝም በሉ።